ሰባተኛዋ ወረቀት

ያለ መነጽር የገዛ ጣቶቹን እንኳ በቅጡ የማይለይ ሰው፣ መነጽሩን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ አሥራ አራት የሲሚንቶ ደረጃ ለመውረድ የሚነሣው ምን ቢያስብ ነው?

ኢንስፔክተሯ ይህን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሟቹ ምድር ቤት ካለው የመዝገብ ክፍል በር ፊት ለፊት በጎኑ ተጋድሟል። አንድ ጫማው ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። የሸሚዙ ኪስ ንጹሕ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው መነጽር ግን አንዱ መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ክንዱም ላይ ደም አለበት።

"ወድቆ ነው" አለ ሃምሳ አለቃው ከላይ ሆኖ። "ዶክተሯ ግን እንዲህ በቀላሉ አትለቀንም።"

ዶክተሯ እሷ ነበረች። ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ የወንጀል ምርመራ ተምራ ስትመለስ ጣቢያው ያወጣላት ስም ነው። ማዕረግ አልነበረም፤ ማሾፊያ ነው።

"እውነተኛው ሐኪም ምን አለ?"

"የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የወደቀው።" ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወዲያው አልሞተም ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሱ ነበረች። ሰው ቢደርስለት ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር።"

ድርጅቱ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለመጋዘን የጥበቃ ሠራተኞች መልምሎ የሚያቀርብ ነው። ሟቹ የሥራ ሂደት አጥኚ ነበር። መሥመር ሳያሰምር ምሳ እንኳ አይበላም ብለው ባልደረቦቹ "ማስመሪያ" ይሉታል። የመጨረሻው ሥራው ሦስት ሶፍትዌሮችን ማወዳደር ነበር። ሦስቱም የምልመላውን ሥራ ከማመልከቻ እስከ ምደባ በራሳችን እናካሂዳለን የሚሉ ናቸው። ማስመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ "እስቲ እውነተኛ አሠራርዎን ያሳዩኝ" ሲል ከርሟል። የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ የሚለውን ሊናገር የተቀጠረው በዚያው ቀን፣ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ተቀበለቻት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ቢሆንም የመጀመሪያ ቃሏ "የማወዳደሪያ ሠንጠረዡ ተሟልቶ እንደሆነ ያውቃሉ?" የሚል ነበር።

"ሰው ሞቷል፣ እመቤት።"

"አውቃለሁ። ሦስቱም ሻጮች ግን እየደወሉ ነው።"

*

የመዝገብ ክፍሉ አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በወረቀት ተሸፍኗል። ሃያ ሦስት የምልመላ እርምጃዎች በነጭ ካርድ ታትመው በተርታ ተለጥፈዋል። ከእያንዳንዱ ካርድ ሥር መዳፍ የምታክል ባለ ቀለም ወረቀት አለች። የቀለሞቹ ትርጉም ጥግ ላይ ተጽፏል፦ ቢጫ፣ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሮዝ፣ ሥራ ይጓተታል። አረንጓዴ፣ ማሽን ብቻውን ይበቃል። ቢጫዎቹና ሮዞቹ ጉንዳን በሚያህል ጽሑፍ ተሞልተዋል። አረንጓዴዎቹ ባዶ ናቸው፤ ማሽን ከበቃ ሌላ ምን ይጻፋል።

ሬሳውን ያገኘችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ምድር ቤት የሠራች ሴት ናት። ሁሉም እትዬ ይላታል። እያለቀሰች፣ በመሐል ደግሞ እየተቆጣች ነበር የምትናገረው።

"ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስገባ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት። ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ መብራቱን አብራ እያልኩ።"

"ይህን ግድግዳ ትናንት አይተሽዋል?"

"አይተሽዋል ትለኛለች! የለጠፍኩት ማን ሆነና? እሱ ወንበር ላይ መውጣት ይፈራል፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ እወጣለሁ።" ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ከዚያ ወደ አንዲት ወረቀት ተጠጋች።

"ምን ሆንሽ?"

"ሰባተኛዋ። ትናንት ማታ ስወጣ ቢጫ ነበረች። ከላይ እስከ ታች የተጻፈባት ቢጫ።"

ሰባተኛው ካርድ "በሠፈር ተገኝቶ ስለ ጠባይ ማጣራት" ይላል። ከሥሩ ያለችው ወረቀት ባዶ አረንጓዴ ናት።

"ምን ተጽፎባት ነበር?"

"የእሱን ጽሑፍ ለማንበብ አጉሊ መነጽር ይፈልጋል፣ እህቴ። አላነበብኩትም።" ንፍጧን ሳበች። "ያን ምላሰ ቅቤ ግን ጠይቂው። ሁለተኛውን ሶፍትዌር የሚሸጠውን። ትናንት እዚሁ ክፍል ሲጨቃጨቁ ነበር።"

*

እኩለ ቀን ላይ ጋሼ መጡ።

ኢንስፔክተሯ ከፖሊስ ጣቢያው ሁሉ ሳትጠራጠር የምታምነው ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያኔ በተመለሰችበት ሰሞን፣ መርማሪው ሁሉ በአማርኛዋ መኮላተፍና በጓንቷ ሲስቅ፣ ጋሼ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀምጠው "የዚህች ልጅ ጥርጣሬ ከእናንተ እርግጠኝነት ይሻለኛል" ብለው አፍ አስይዘውላታል። አምስት ዓመት አብረው ሠሩ። ጡረታ ሲወጡ ይህ ድርጅት ቀጠራቸው። ሥራቸው ሰባተኛው እርምጃ ነበር፦ ጠባቂ ከመቀጠሩ በፊት ሠፈሩ ድረስ ሄደው ጎረቤት ይጠይቃሉ።

"ልጄ" አሉ፣ የግድግዳውን ጠርዝ በእጃቸው እየተከተሉ ወደ ውስጥ ሲገቡ። "ምን ዓይነት ቀን ነው። ያን የመሰለ ልጅ።"

"ጋሼ፣ ጠዋት የት ነበሩ? ለወጉ ያህል ነው የምጠይቅዎት።"

"ጠይቂ እንጂ። ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ማጣሪያ ላይ ነበርኩ።" ከቦርሳቸው የተጻፈ ሪፖርት አውጥተው ሰጧት። የአንድ አመልካች ስም፣ ሠፈሩ፣ የጎረቤቶቹ ምስክርነት። ሳታነበው መዝገቡ ውስጥ ከተተችው።

"ግድግዳውን አንብቢልኝ እስቲ" አሉ። ድሮም እንዲህ ናቸው። የወንጀል ቦታ ላይ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ያደርጉ ነበር፤ ድምፅሽን ስትሰሚ የዘለልሽው ይታይሻል ይሏት ነበር። አነበበችላቸው።

"ሰባተኛዋ ተቀይራለች" አለች። "ቢጫዋ ተነሥታ አረንጓዴ ተለጥፎባታል።"

"አረንጓዴ?" አሉ ጋሼ።

"አረንጓዴ።"

የግድግዳውን ጠርዝ የያዘው እጃቸው ወረደ። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "እንግዲህ ማንን እንደሚጠቅም ጠይቂ። ሰባተኛውን ማሽን ይሠራዋል ከተባለ ነጥቡ የሚጨምርለት ማነው? ትናንት ሁለተኛው ሻጭ ከልጁ ጋር ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

የእንግዳ መዝገቡን አስመጣች። ምላሰ ቅቤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቷል። የወጣበት ሰዓት አልተጻፈም።

*

"ጠዋት የት ነበርክ?"

"መኪናዬ ውስጥ።"

"ሦስት ሰዓት ሙሉ?"

"መኪናዬን እወዳታለሁ።"

ሻጩ የተተኮሰ ሱፍ የለበሰ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነበር። ታስሮም ለሃምሳ አለቃው የጣቢያውን መዝገብ አያያዝ እንዴት ማቀላጠፍ እንደሚቻል ሲያስረዳው ነበር። ኢንስፔክተሯ ሁለት ቀን አፋጠጠችው። ሁለት ቀን መኪናዬ ውስጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱፉም ተጨማደደ፣ ጥርሱም ተከደነ።

"እሺ። በሩ ላይ ተመዝግቤ ገባሁ፣ ወዲያው ወጥቼ መንገዱን ተሻግሬ ነበር።"

"የት?"

"እነሱን የሚፎካከረው ድርጅት ዘንድ። ያንኑ ሶፍትዌር ሳሳይ ነበር። አሥራ ሰባት ሰው አይቶኛል። አንዱ ተኝቶ ነበር፤ አሥራ ስድስት በይው።"

"ለዚህ ብለህ ነው ሁለት ቀን የታሰርከው?"

"ለሥራ አስኪያጇ ከእናንተ በቀር ለማንም አላቀርብም ብዬ ምዬላታለሁ። ይህ ቢሰማ አለቀልኝ።"

ሃምሳ አለቃው ሄዶ አጣራ። ተኝቶ የነበረው ሳይቀር መሰከረ።

ልትለቀው ብላ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። "አንድ ነገር ብቻ። ሰባተኛዋ አረንጓዴ የሆነችው ለአንተ እንዲጠቅም አይደለም?"

ሻጩ ፎቶግራፉን አየ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። "የእኔ ሶፍትዌር ማመልከቻ ያነባል፣ ሰነድ ያመሳክራል፣ የሐኪም ቀጠሮ ይይዛል። ሠፈር ለሠፈር እየዞረ የሰው በር አያንኳኳም። እግር የለውም እኮ! ይህን አረንጓዴ ብዬ ስብሰባ ብገባ መሳቂያ እሆናለሁ። የለጠፈው ሰው ወይ ስለ ሥራው አያውቅም፣ ወይ ቀለሙን አላየውም።"

"ከማስመሪያ ጋር ያጨቃጨቃችሁ ታዲያ ምን ነበር?"

"ያውም በዚሁ በሰባተኛው ነዋ። ለማወዳደር ብሎ ለሦስታችንም ያንኑ መቶ አሮጌ የቅጥር ፋይል ሰጠን። ሁለቱ ሶፍትዌሮች መቶውንም አሳለፉ። የእኔ አርባ አንዱ ላይ ቀይ ምልክት አደረገ፤ የማጣሪያ ሪፖርታቸው ቃል በቃል አንድ ነው ብሎ። ሶፍትዌርህ ተበላሽቷል ብሎ ጮኸብኝ፣ ጮኽኩበት። ከሰዓት በኋላ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ልክ ነህ አለኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም።"

"ዝርዝሩ አለህ?"

"እኔ የማልይዘው ዝርዝር የለም።"

*

አርባ አንዱን ሪፖርት ቢሮዋ ዘግታ አንድ በአንድ አነበበች። የሰው ስም ይለያያል፣ ሠፈር ይለያያል። ምስክርነቱ ግን፦ "ጎረቤቶቹ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ተነጋግሮ እንደማያውቅ፣ ሲወጣም ሲገባም አንገቱን ደፍቶ መሆኑን አስረድተዋል።" አርባ አንድ ጊዜ። በአርባ አንዱም ግርጌ የምታውቀው ፊርማ አለ። ያ ፊርማ ከራሷ ፊርማ ይልቅ ታምነው የነበረ ነው።

ሌላ ምክንያት ፈለገች። ሰው ቢደክመው አንድ ዓይነት ቃል ይጽፋል። እሷም የሰከረ ሾፌር ሪፖርት ስትጽፍ ቃል አትቀይርም። ይህን ለራሷ እየነገረች የገዛ መዝገቧን ከፈተች፤ ጋሼ በዚያ ጠዋት የሰጧትን፣ ሳታነበው ያስገባችውን ገጽ አወጣች።

ጎረቤቶቹ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ተነጋግሮ እንደማያውቅ፣ ሲወጣም ሲገባም አንገቱን ደፍቶ መሆኑን አስረድተዋል።

መኪና አስነሥታ ሪፖርቱ ላይ ወደ ተጻፈው ሠፈር ሄደች። ከአመልካቹ ቤት ትይዩ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልጋል።

"ከሦስት ቀን በፊት፣ ጠዋት፣ ስለዚህ ሰውዬ ጠባይ የጠየቀ ሽማግሌ መጥቶ ነበር?"

"እዚህ በር ላይ ከነጋ እስኪመሽ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ማንም አልመጣም። ቢመጣማ እንነግረው ነበር።"

"ምን ብላችሁ?"

"ሚስቱን ደብድቦ ክንዷን ሰብሮ ሠፈሩ ተሰብስቦ ያስወጣው መሆኑን ነዋ። አምና ነው። ቤቱ ባዶ ነው።"

"ሲወጣ ሲገባ አንገቱን የሚደፋ ነው ብለውኝ ነበር።"

ብስክሌት ጠጋኙ ከመነዳሪውን ውኃው ውስጥ ለቀቀው። "እሱ?" አለ።

*

ጋሼ ቤት ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሃምሳ አለቃውን ደጅ አቆመችው። በሩ ክፍት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ብርጭቆው በክንድ ልክ፣ ራዲዮው በክንድ ልክ። ስንት ጊዜ እዚህ ተቀምጣ ይህን ሥርዓታማነት አድንቃለች።

"አረማመድሽን አውቄዋለሁ" አሉ። "ግቢ፣ ልጄ።"

አልተቀመጠችም። ከኪሷ ሁለት ባዶ ወረቀት አውጥታ ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "የትኛዋ ናት ቢጫ?"

ጋሼ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን በአንደኛዋ ላይ አሳለፉ፣ በሌላኛዋም ላይ። አንገታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ፣ በዓይናቸው ዳር ለማየት እንደሚሞክር ሰው። ከዚያ ሁለቱንም አነባብረው ወደ እሷ ገፋ አደረጓቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። መሐሉ ጠፋ። ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም ቀለም የለውም።" ድምፃቸው የሪፖርት ድምፅ ነበር። "መጀመሪያ መሄድ አላቆምኩም። አንድ ቀን መንገድ ጠፍቶኝ አንዲት ሴት እጄን ይዛ አሻገረችኝ። እኔን። ከዚያ ወዲያ ቤት ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ እጄ በልምድ ይጽፋል። ታዲያ ያ ልጅ መጣና ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እውነተኛ አሠራርዎን ያሳዩኝ አለኝ። በማንም ላይ አይያዝም አለኝ። ሁለት ሳምንት ቡና እየጋበዘኝ ሰነበተ። ሰው ናፍቆኝ ነበርና ስለ ዓይኔ ነገርኩት። ሪፖርቱን ግን አልነገርኩትም።"

"ሪፖርቱን ሶፍትዌሩ ነገረው።"

"በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ አገኘኝና 'ሰባተኛውን እንዳለ መጻፍ አለብኝ፣ ጋሼ' አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት በጓሮ በር ገባሁ፤ ቁልፍ አለኝ። ደረጃው ጫፍ ላይ አገኘሁት። ጽሑፉን አንሣልኝ አልኩት። እሱ እየደጋገመ 'አላነበቡትም እንዴ? አላነበቡትም?' ይለኛል። እንደማላነብ እያወቀ! አፌዘብኝ። ገፋሁት።"

"መነጽሩስ?"

"ስወርድ እግሬ ነካው። ሰው እንዳይረግጠው ብዬ አጠፍኩና ኪሱ ከተትኩለት።" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "ከዚያ ገብቼ ሰባተኛዋን በዳበሳ ቆጥሬ ቀደድኩ። ክፍት እንዳትሆን ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንሥቼ ለጠፍኩ።"

"ስትወርድ ይተነፍስ ነበር?"

ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ አንተ አለቻቸው። ሁለቱም ሰሙት። ጋሼ ወደ ራዲዮው ዞሩ።

"ጆሮህ አልታመመም። ይተነፍስ ነበር ወይ?"

"ይተነፍስ ነበር" አሉ።

ውጭ መንገድ ላይ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ወረቀቶች ከጠረጴዛው አነሣች።

"አረንጓዴ ስልህ ደነገጥክ። ከዚያ ያን ሻጭ እጄ ላይ ጣልከው። ምንም የማያውቅ ሰው ሁለት ቀን አሰርኩ።"

"ትለቂው ነበር። አውቅሻለሁ።"

"ያን ሪፖርት ግን ሰጠኸኝ። ፊቴ ቆመህ። ከአርባ አንዱ አንድ ቃል ሳትቀይር።"

"ሌላ መጻፍ አያስፈልግም ነበር" አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው። "እንደማታነቢው አውቅ ነበር።"

ብዙ ዓመት ስትጠራጠር ኖራለች። የተማረችውን፣ የተመለሰችበትን፣ የገዛ አንደበቷን ሳይቀር ተጠራጥራለች። ሳትጠራጠር የተወችው አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን አስቀድሞ ቆጥሮት ኖሯል። እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ "ደረጃ አለ" ልትል ነበር፤ ተወችው። ሃምሳ አለቃው ነው ያለው።

*

ጣቢያ ሲደርሱ የተያዘውን ንብረት የመመዝገብ ሥራ የእሷ አልነበረም። ግን ወሰደችው። ቀበቶ፣ መሀረብ፣ የጓሮ በር ቁልፍ፣ ስልክ። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አያት። ዶክተሯ አላለም። በሩን ገርበብ አድርጎላት ሄደ።

ስልኩ መቆለፊያ አልነበረውም። ሁለት መቶ አሥር ያልተከፈቱ መልእክቶች አሉበት። ወደ ኋላ ሄደች። ብዙዎቹ የራሷ ናቸው። አንድ ጉዳይ ሲጠናባት ረጅም ጥያቄ ትጽፍላቸው ነበር፤ እሳቸው ሁሌ በማግስቱ ደውለው "እስቲ በቃልሽ ንገሪኝ" ይሏት ነበር። ይህንንም ማስተማር ነው ብላ ኖራለች።

ከእሷ መልእክቶች በላይ፣ ከግድያው በፊት በነበረው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተላከ አንድ መልእክት አለ። የላኪው ስም ማስመሪያ ይላል። እሱም አልተከፈተም ነበር። ከፈተችው።

"ጋሼ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ስለነበረ በደንብ ሳላስረዳዎት ቀረሁ፤ ስደውልም አላነሡም፤ ስልክዎ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት ያስተካከልኩት ይሠራል ብዬ ጻፍኩልዎ። ስለ ዓይንዎ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ሰባተኛዋ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ ይህን ማሽን አይሠራውም፤ ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ፣ ልምድ ያለው ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ። የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት። አርባ አንዱን ግን መተው አንችልም፤ ከሰኞ ጀምሮ እኔና እርስዎ አንድ በአንድ እንዞራቸዋለን፣ እኔ እጽፋለሁ። በዚህ ከተስማሙ ለነገ ስብሰባ እንደዚሁ አቀርበዋለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ።"

ከሥሩ ምንም የተጻፈ አልነበረም።